በቬሮና ሽማግሌ አልነበረም ወይ? (ፍቅርና ግጭትን በትራጀዲ ስለ ማስተማር)



ለመሆኑ አንድ መምህር ያቀደውን ትምህርት አንድም ነጥብ ሳያጓድል በ40 ደቂቃ ውስጥ ከጨረሰ በደንብ አስተምሯል ማለት ነው? እኔ እስካለፈው የማስተማር ልምምድ ድረስ «አዎን» ባይ ነበርኩ። ዛሬ ይህን ጽሑፍ ይዤ ወደ ግድግዳ ጋዜጣችን የመጣሁት ያ እምነቴ እንዴት እንደተናጋ ለመናገር ነው። በዚያውም ፍቅርና ግጭት በታላላቆቹ ትራጀዲዎች ውስጥ እንዴት እንደተሳሰሩ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችስ እንዴት ቢቀርቡ እንደሚሻል የተማርኩትን ለእናንተ ለእጩ መምህራን ጓደኞቼ ላካፍል እፈልጋለሁ። መምህሮቻችንም ስሕተት ብታገኙ እንደምታርሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለልምምድ የተሰጠኝ 11ኛ ክፍል ሲሆን፣ ርእሱም «ፍቅርና ግጭት በትራጀዲ» የሚል ነበር። ለምሳሌነት የመረጥኩት የእንግሊዛዊውን ደራሲ የዊልያም ሼክስፒርን «ሮሚዮና ጁልየት» ነው። ይህ ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1595 ገደማ የተጻፈ ነው፤ ከበደ ሚካኤልም ወደ አማርኛ መልሰውታል። ታሪኩን አሳጥሬ ጽፌ አነበብኩላቸው። ከዚያ ጥቁር ሰሌዳውን ለሁለት ከፈልኩና በግራ «ፍቅር»፣ በቀኝ «ጥላቻ» ብዬ ገጸ ባሕርያቱን ደረደርኩ። ሁሉም ነገር በዕቅዴ መሠረት ይሄድ ነበር።

ልክ ወደ ማጠቃለያው ስገባ ከኋላ ረድፍ አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ እዚያ አገር ሽማግሌ የለም እንዴ?»

ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። እኔም ሰዓቴን አየሁ፤ የቀረኝ አምስት ደቂቃ ነው። «ይሄ ከዛሬው ትምህርት ውጭ ነው» ብዬው አለፍኩ። ልጁ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ማጠቃለያዬን ሰጠሁ፤ ደወሉ ሲደወል እኔም ጨረስኩ።

ከኋላ ተቀምጠው ይከታተሉኝ የነበሩት መምህር ይመሰግኑኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ዕቅድህን ጨርሰሃል፤ ልጆቹን ግን ገና ሊጀምሩ ሲሉ ነው ያስቆምካቸው። ያ ልጅ የጠየቀህን አንተ ራስህ መልስ አለህ?» አሉኝ። አልነበረኝም። «እንግዲያው ፈልገህ ና፤ ሌላ ክፍለ ጊዜ እሰጥሃለሁ» አሉኝ።

እንግዲህ ከዚህ በታች የማቀርበው በዚያ ሳምንት ፈልጌ ያገኘሁትን ነው።

ሀ. ትራጀዲ ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ትራጀዲ ሲባል በልቅሶ የሚያልቅ ታሪክ ሁሉ ይመስለናል። ነገር ግን አንድ ሰው መንገድ ሲሄድ ገደል ቢናድበትና ቢሞት መከራ እንጂ ትራጀዲ አይደለም። የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ ተውኔት ሲጽፍ፣ ትራጀዲ በተመልካቹ ልብ ኀዘኔታንና ፍርሃትን ያነሣሣል ይላል። ኀዘኔታው ሰውዬው የማይገባው መከራ ስለሚደርስበት ነው፤ ፍርሃቱ ደግሞ ሰውዬው እኛን ስለሚመስል ነው። ስለዚህ ዋናው ገጸ ባሕርይ ፍጹም ጻድቅ ወይም ፍጹም ክፉ አይሆንም። የሚወድቀው በክፋቱ ሳይሆን በሠራው ስሕተት ነው።

አሪስቶትል ሌላም ነገር ይጨምራል። ጠላት ጠላቱን ቢጎዳ ያን ያህል አያሳዝንም፤ ጉዳቱ በሚዋደዱ ወይም በሥጋ በሚዛመዱ ሰዎች መካከል ሲሆን ግን አንጀት ይበላል። እንግዲህ ፍቅርና ግጭት በትራጀዲ ውስጥ እንደ ሰሌዳዬ በግራና በቀኝ የተለያዩ አይደሉም። ግጭቱ የሚያመው ፍቅሩ ስላለ ነው። የእኔ የመጀመሪያ ስሕተት ሰሌዳውን ለሁለት መክፈሌ ነበር።

ሁለተኛው ስሕተቴ «ጥፋተኛው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄዬ ነው። ይህን ስጠይቃቸው ግማሾቹ «አባቷ»፣ ግማሾቹ «ወላጆቿን ያልሰማችው ልጅ» ብለው መለሱና ነገሩ እዚያው አለቀ። ተማሪን ዳኛ ብቻ ካደረግነው ይፈርድና ይተኛል። «የት ላይ መመለስ ይቻል ነበር?» ብለን ብንጠይቀው ግን ተውኔቱን እንደገና ለማንበብ ይገደዳል። የዚያ ልጅ የሽማግሌ ጥያቄም ለካ ይኸው ነበር።

ለ. በቬሮና አስታራቂ ለምን ጠፋ?

የካፑሌትና የሞንታግ ቤተሰቦች ጠብ በምን እንደተነሣ ተውኔቱ አይነግረንም። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይባላል፤ እዚህ ግን ሥሩን የሚያነሣ ሰው የለም፤ ጠቡ ብቻ ነው የተወረሰው። መጋረጃው ሲገለጥ የሚጣሉት ጌቶቹ ሳይሆኑ አሽከሮቻቸው ናቸው። አንዱ አሽከር አውራ ጣቱን ነክሶ ለሌላው ያሳያል፤ ይህ በዚያ አገር ስድብ ነው። ከዚያች ጣት ተነሥቶ ጎዳናው ሁሉ ሰይፍ ይማዘዛል።

ታዲያ የዕርቅ በር ጨርሶ ተዘግቶ ነበር? ኧረ አልነበረም! ካፑሌት ራሱ በመጀመሪያው ገቢር፣ እንደ እሱና እንደ ሞንታግ ላሉ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ሰላም መጠበቅ የሚከብድ እንዳልሆነ ይናገራል። ሮሚዮ ፊቱን ሸፍኖ ወደ ግብዣው በገባ ሌሊትም የካፑሌት ሚስት የወንድም ልጅ የሆነው ቲባልት ካልገደልኩት ሲል፣ ካፑሌት ተቆጥቶ ያስቆመዋል። ሮሚዮ በከተማው የተመሰገነ ጨዋ ወጣት መሆኑንም ይመሰክርለታል። የጠላቱን ልጅ በገዛ ቤቱ ያመሰገነ አባት! በማግስቱ አንድ ሰው «እንዲህ ብለው ነበርና እስቲ እንነጋገር» ብሎ ደጁን ቢመታ ምን ይሆን ነበር? ማንም አልመታም።

ሊያስታርቁ ይችሉ የነበሩትን ሰዎች አንድ በአንድ እንያቸው።

1ኛ. መስፍኑ ኤስካለስ። ከተማው ሦስት ጊዜ በጠብ ከታወከ በኋላ፣ ከእንግዲህ ሰላም የሚያደፈርስ በሞት ይቀጣል ብሎ ያውጃል። ሁለቱን አባቶችም ያስጠራቸዋል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ካፑሌትን ወዲያውኑ፣ ሞንታግን ከሰዓት በኋላ፣ ለየብቻ ነው የጠራቸው። ፊት ለፊት አስቀምጦ አላነጋገራቸውም። በመጨረሻው ትዕይንት ራሱ መስፍኑ ጠባቸውን አይቶ እንዳላየ በማለፉ ዘመዶቹን እንዳጣ ያምናል።

2ኛ. አባ ሎሬንስ። እኚህ መነኩሴ ሁለቱን ልጆች ያጋቡት ጋብቻው የቤተሰቦቹን ቂም ወደ ፍቅር ይለውጠዋል ብለው ነው። አሳባቸው መልካም ነበር። ነገር ግን በምስጢር አደረጉት። ዕርቅ ደግሞ በጓዳ አይሆንም፤ ሰው ሲያየው ነው የሚጸናው።

3ኛ. ሮሚዮ ራሱ። ከጋብቻው በኋላ ቲባልት ሲሰድበው አልዋጋም ይላል፤ ዘመዱ ሆኗልና። ምክንያቱን ግን መናገር አይችልም። ጓደኛው መርኩሺዮ ፈሪ የሆነ መስሎት ይናደድና እሱ ሰይፍ ይመዛል። ሮሚዮ ሊገላግል በመካከል ሲገባ ቲባልት በሮሚዮ ክንድ ሥር አሳልፎ መርኩሺዮን ይወጋዋል። ሮሚዮም በቁጣ ቲባልትን ይገድልና ወደ ማንቱዋ ይሰደዳል። ገላጋዩ የሞት ምክንያት ሲሆን፣ ትራጀዲ ማለት ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩን የሚገፋው ችኮላ ነው። ሼክስፒር ታሪኩን ያገኘው አርተር ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1562 ካሳተመው ረጅም ግጥም ሲሆን፣ በዚያ ግጥም ነገሩ ወራት ይፈጃል። ሼክስፒር ግን ከእሑድ ጠዋት እስከ ሐሙስ ንጋት ጨመቀው። የጁልየትንም ዕድሜ ወደ አሥራ ስድስት ከተጠጋው ቀንሶ አሥራ አራት ያልሞላት አደረጋት። አባቷ ለባላባቱ ለፓሪስ ሊድራት ሲቸኩል፣ እሷም የሞተች የሚያስመስል መድኃኒት ትጠጣለች። ይህን ለሮሚዮ የሚያስረዳ ደብዳቤ ይጻፋል። ደብዳቤውን የያዘው መነኩሴ ግን ወረርሽኝ ሳይነካው አልቀረም በተባለ ቤት ውስጥ ስለ ተገኘ በሩ ይታሸግበትና ሳይደርስ ይቀራል። መርኩሺዮ ሲሞት ሁለቱንም ቤቶች በወረርሽኝ ረግሞ እንደነበር ያስታወሰ ተማሪ እዚህ ላይ መደንገጡ አይቀርም።

ሮሚዮ መርዝ ጠጥቶ ይሞታል፤ ጁልየት ነቅታ በጩቤው ትሞታለች። ከዚያ ሁለቱ አባቶች በሬሳዎቹ ፊት እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ፤ የወርቅ ሐውልት አቆማለሁ፣ አቆማለሁ ይባባላሉ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ!

ሐ. በቴብስስ?

እንግዲህ በቬሮና አስታራቂ ስለ ጠፋ ነው ካልን፣ ሽማግሌ ሞልቶ የሚተርፍበት አገርስ? ይህን ጥያቄ ሳስብ ትዝ ያለኝ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ገደማ ግሪካዊው ሶፎክልስ የጻፈው «አንቲጎኔ» ነው። በዚህ ተውኔት በመድረክ ላይ ቆመው የሚዘምሩትና የሚመክሩት ኮረሶች የቴብስ ከተማ ሽማግሌዎች ናቸው!

ሁለት ወንድማማቾች ለዙፋን ተዋግተው ተገዳድለዋል። አጎታቸው ክሬዮን ይነግሥና፣ የባዕድ ጦር ይዞ የመጣው ፖሊኔይኬስ እንዳይቀበር ያዛል። እኅቱ አንቲጎኔ ወንድሜን አውሬ አይበላውም ብላ አፈር ታለብሰዋለች። የክሬዮን ልጅ ሐይሞን ደግሞ የአንቲጎኔ እጮኛ ነው። ለመምህር የሚጠቅም አንድ ነገር እዚህ አለ፦ በተውኔቱ ውስጥ ሁለቱ እጮኛሞች አንድም ጊዜ ተገናኝተው አይነጋገሩም። ፍቅሩን የምናየው ሐይሞን ከአባቱ ጋር ሲከራከር ነው። በአክብሮት ይጀምራል፤ ሕዝቡ ለልጅቷ እያዘነ መሆኑን፣ ጎንበስ የሚል ዛፍ ከጎርፍ እንደሚተርፍ ያስረዳዋል። ክሬዮን ግን በዚህ ዕድሜዬ ከልጅ ልማር ወይ ብሎ ይቆጣል።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ሔግል በዚህ ተውኔት የተጋጩት ሁለት እውነቶች ናቸው ይላል፤ የአገር ሕግና የቤተሰብ ግዴታ። ኋላ ዓይነ ስውሩ ነቢይ ቴይሬስያስ ሲያስጠነቅቀው ክሬዮን ይፈራል። ሽማግሌዎቹም ልጅቷን ልቀቅ፣ ሟቹን ቅበር ይሉታል። እሱ ግን ቅደም ተከተሉን ገለበጠው፤ መጀመሪያ ሬሳውን ሊቀብር ሄደ። ወደ ዋሻው ሲደርስ አንቲጎኔ ሞታለች። ሐይሞንም እዚያው ራሱን ገደለ፤ እናቱም ተከተለችው።

ስለዚህ መልሱ ይህ ነው፦ በቬሮና አስታራቂ አልተገኘም፤ በቴብስ ሽማግሌ ነበር፣ ሰሚው ግን ዘገየ።

መ. ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ

ይህን ይዤ ወደ ክፍል ተመለስኩ። በመጀመሪያ ያን ልጅ አስነሥቼ፣ «ባለፈው የጠየቅኸው ጥያቄ ትክክል ነበር፤ ያለፍኩህ መልስ ስላልነበረኝ ነው» አልኩት። አሁን የሳቀ ሰው አልነበረም። ከዚያ ተማሪዎቹን በስድስት በስድስት ከፋፍዬ፣ ታሪኩን አባዝቼ ለእያንዳንዱ ቡድን ሰጠሁና እንዲህ አዘዝኳቸው፦ «ከመጀመሪያው ገቢር እስከ መጨረሻው አንድ ቀን ምረጡ። በዚያ ቀን ሽማግሌ ትልካላችሁ። ማንን ትልካላችሁ? ወደ ማን ቤት አስቀድሞ ይሄዳል? ምን ብሎ ይጀምራል?»

ክርክሩ ጦፈ። አንድ ቡድን መስፍኑን መረጠ፤ ሌላው «የሚቀጣ ሰው አያስታርቅም» ብሎ ተቃወመው። ከዚያ አንዲት ልጅ ወረቀቷን እያየች፣ «የሁለቱም ወገን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ መርኩሺዮ!» አለች። እውነቷን ነው። መርኩሺዮ የመስፍኑ ዘመድ ነው፤ የሮሚዮ ጓደኛ ነው፤ በካፑሌት የግብዣ ዝርዝር ላይም ስሙ አለ። ሽማግሌ ሊሆን የሚገባው ሰው ነው መጀመሪያ ሰይፍ የመዘዘው። እኔ ይህን በሳምንት ጥናቴ አላየሁትም ነበር።

በነገራችን ላይ ያንን የግብዣ ዝርዝር የያዘው አሽከር ማንበብ ስለማይችል፣ ጎዳና ላይ ያገኘውን ሮሚዮን ነው አንብብልኝ ያለው። ሮሚዮ ግብዣውን ያወቀው በዚህ ነው። ይህን ሳነሣ «ፊደል ቢቆጥር ኖሮ ማንም አይሞትም ነበር!» ብለው ሳቁ።

ሌላዋ ልጅ ግን በሽማግሌው ነገር አልተስማማችም። «ሽማግሌዎቹ ቢመጡስ እሷን ማን ይጠይቃታል? አስታርቀው ለፓሪስ ቢድሯትስ?» አለች። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። አባቷ መጀመሪያ ላይ ለፓሪስ የልጄ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ገና ልጅ ናት፣ ሁለት ዓመት ይቆይ ብሎት ነበር። ቲባልት ከሞተ በኋላ ግን ሳይጠይቃት ቀን ቆረጠ፤ እምቢ ስትለውም ከቤት አባርርሻለሁ አለ። ከተውኔቱ ወደ አገራችን የተሻገርነው እዚህ ላይ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ የሁለቱም ተጋቢዎች ፈቃድ እንደሚያስፈልግና ዕድሜያቸውም 18 ዓመት የሞላ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። ልጆቹም ይህን አወሩ። አንድ ልጅ ደግሞ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አንሥቶ፣ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ያለያየው የአባቷ የዘር ኩራት መሆኑን አስታወሰን።

ደወሉ ሲደወል ማጠቃለያ አልሰጠሁም። ዕቅዴም አላለቀም።

ሠ. ለሚያስተምሩ ሁሉ ጥቂት ማሳሰቢያ

አንደኛ፣ የታሪኩን መጨረሻ አትደብቁ። ሼክስፒር ራሱ በመክፈቻው ላይ ልጆቹ እንደሚሞቱ ይናገራል። መጨረሻው ከታወቀ ተማሪው «እንዴት?» ብሎ ይከታተላል።

ሁለተኛ፣ ራስን ማጥፋት የእውነተኛ ፍቅር ማረጋገጫ ነው የሚል ስሜት ክፍል ውስጥ እንዳይቀር ተጠንቀቁ። ሮሚዮ የሞተው ያልተጣራ ወሬ ሰምቶ ነው፤ ጥቂት ቢቆይ ጁልየት ትነቃ ነበር። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ ነፍስ ግን ከፈሰሰ አይለቀምም። ይህን በግልጽ እንንገራቸው። በዚህ ርእስ ላይ ዝም ያለና የከፋው ተማሪ ብናይ ከክፍል በኋላ ለብቻው እናነጋግረው፤ ከቤተሰቡ ወይም ከሐኪም ጋርም እናገናኘው።

ሦስተኛ፣ ከመጽሐፉ አትራቁ። ተማሪው «ይመስለኛል» ሲል «የትኛው ቦታ ላይ?» በሉት። ክርክሩ ወሬ እንዳይሆን የሚጠብቀው ይህ ነው።

አራተኛና ዋናው፣ ከዕቅዳችን ውጭ የሆነ ጥያቄ ሲመጣ ሰዓት ከማየታችን በፊት ልጁን እንየው።

ያን ልጅ ከክፍል በኋላ ጠርቼ ለምን እንደጠየቀ ጠይቄው ነበር። በእነሱ አገር ከአያቶቹ ዘመን የቆየ የድንበር ጠብ እንደነበረ፣ ባለፈው ዓመት ሽማግሌዎች ገብተው በዳዩ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ጠይቆ እንደታረቁ ነገረኝ። «እኔም ቆሜ አይቻለሁ» አለኝ። እኔ ስለ ግጭትና ስለ ዕርቅ ከመጽሐፍ ሳነብለት፣ ቆሞ ያየውን ልጅ ነበር ከትምህርቱ ውጭ ነህ ያልኩት።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እጁን አላወጣም። የልምምዱ ጊዜም በዚያው ሳምንት አለቀ። አንድ ጊዜ የተሳቀበትና መምህሩ ያለፈው ልጅ እንደገና እጁን እስኪያወጣ ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚያስፈልግ አላውቅም። እናንተ ግን በተራችሁ ወደ ልምምድ ስትሄዱ፣ ከኋላ ረድፍ የሚነሣውን እጅ እንዳታልፉት አደራ እላለሁ።